በላኤ ሰብእ
በላኤ ሰብእ 78 ነፍስ በልቶ በጥርኝ ውኃ ስለዳነ ሰው የሚናገር፣ ከተአምረ ማርያም ታሪኮች አንዱ የሆነ፣ በብራና መጻሕፍትና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሣል ጥንታዊ አስፈሪ ታሪክ ነው። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል። በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙት ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ሲሆኑ፣ መናገሻቸውም የሰሜን ሸዋዋ ደብረ ብርሃን ነበረች።

ባለታሪኩ የቅምር አገር ሰው፣ እንግዳ ተቀባይ ባለጸጋ ነበር። ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ ልጁን አሳረደው፤ ሥጋውን ከቀመሰ በኋላ ቤተሰቡንም ወዳጁንም በላ። ታሪኩ ዛሬም የሚያስፈራው አውሬው ከደግ ሰው ቤት በመውጣቱ ነው፤ ከደሙ ይልቅ ይህ ይከብዳል። በመጨረሻ አንድ ቁስለኛ ለማኝ በማርያም ስም ውኃ ሲለምነው ጥርኝ ሰጠው።

ሠዓሊዎች አብዝተው የሚጠበቡት ሰውዬው ሲሞት ነፍሱ በተመዘነችበት የፍርድ ሚዛን ላይ ነው። በአንዱ ወገን የተበሉት ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ ትቀመጣለች፤ እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት የውኃው ወገን ዝቅ ይላል። አጋንንቱ በአገሩ የሥዕል ልማድ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ማንበብ የማይችል ምእመንም ሥዕሉን ተከትሎ ታሪኩን ይጨርሳል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ እንደ ሌላው የኦርቶዶክስ አገር ሁሉ፣ ታሪኩ በተለይ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል ይታሰባል።