361 ሰዓት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ሐዘኑ ሳይበርድ በውጭ ሚዲያ አንድ ቁጥር ይነሳ ጀመር፤ 361። የረዳት አብራሪው ጠቅላላ የበረራ ሰዓት ነው። አሜሪካ ቢሆን ኖሮ እዚያ ወንበር ላይ ባልተቀመጠ ነበር የሚል ክርክርም ተከተለ።

እውነት ነው፤ አሜሪካ ከረዳት አብራሪ በመደበኛው 1,500 ሰዓት ትጠይቃለች። ግን ይህ ሕግ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ አቅራቢያ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን መኖሪያ ቤት ላይ ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ሠርቷል። ዋና አብራሪው ግን አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። በሟች ቤተሰቦች ግፊት ኮንግረሱ በ2010 ሕጉን አወጣ። ቀድሞ በ250 ሰዓት መቀጠር ይችል የነበረ ረዳት አብራሪ ከ2013 ጀምሮ 1,500 ይጠየቅ ጀመር። የሚገርመው፣ የዚያ አውሮፕላን ዋና አብራሪ ከ3,300፣ ረዳቱም ከ2,200 ሰዓት በላይ በረዋል። ሕጉ ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ ሁለቱንም አያስቀራቸውም ነበር።

ወደ ኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኔሪፍ ላይ፣ የኬኤልኤም አውሮፕላን ካፒቴን ሌሎችን የሚያሠለጥን አንጋፋ ነበር። በጭጋግ ውስጥ ፈቃድ ሳያገኝ ለመነሳት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ የፓን አም አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀው። ካፒቴኑ ያለ ጥርጥር መውጣቱን ነገረው። አልወጣም ነበር። 583 ሰዎች አለቁ። ታናሽ እንዲናገር፣ ታላቅ እንዲያደምጥ የሚያስተምረው የአብራሪዎች ሥልጠና የተስፋፋው ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ ነው።

ወደ ቢሾፍቱ ልመልሳችሁ። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአንድ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ሲደፋው፣ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ይቋረጥ ብሎ ሁለት ጊዜ የተናገረው ማን ነበር? ባለ 361 ሰዓቱ ወጣት። ካፒቴኑም ተስማማ። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ እንዲወሰድ የታዘዘው እርምጃም ይኸው ነበር። ከዚያ ክንፉን በእጅ ለማስተካከል ሞከሩ፤ አልተቻለም።

የሞተሩ ኃይል ለምን አልተቀነሰም የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረውን ካፒቴንም ይመለከታል፤ በ361 ብቻ አይመለስም።

ልምድ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። አዲስ አብራሪን ስንመዝን ግን ከሰዓቱ ጋር ምን እንደሠለጠነ፣ ስህተት ሲያይ አፍ አውጥቶ ይናገር እንደሆነ፣ አጠገቡ ያለውም ይሰማው እንደሆነ እንጠይቅ። በእኛ ባህል ታናሽ በታላቅ ፊት ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ዝምታ ሰው ይፈጃል።

በዚያች ማለዳ ታናሹ ተናግሯል፤ ታላቁም ሰምቷል። አልታዘዝ ያለው አውሮፕላኑ ነው።