ከመጥመቂያ በርሜል የወጣ እውቀት

ምግብ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት ጉልበት እንደሚሆን ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። ጨጓራና አንጀት ምግቡን ያልማሉ፤ ሳንባ ኦክስጅን ያስገባል፤ ልብ ስኳሩንም ኦክስጅኑንም በደም አድርጎ ለየሕዋሱ ያደርሳል፤ ሕዋሱ ደግሞ ስኳሩን ደረጃ በደረጃ እየሰባበረ ጉልበቱን ያወጣል። ይህ እውቀት ከየት እንደ መጣ ሲተረክ ግን ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ ለሐኪሞችና ለቤተ ሙከራ ሊቃውንት ብቻ ይሰጣል። ታሪኩን በቅርብ የመረመረ ሰው ሌላም ባለውለታ ያገኛል፤ ይኸውም የጠመቃ ሙያ ነው። ወደ ሕዋስ ውስጥ ለመግባት በሩን የከፈተው የቢራ፣ የወይንና የአልኮል ሠሪዎች ጥያቄ፣ ኪሳራና እርሾ ነው።

ይህን አባባል የሚቃወም ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ፈረንሳዊውን አንቷን ላቮዚየን ነው፤ መጥራቱም ተገቢ ነው። ላቮዚየ በ1780ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ የተባለችውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። የሰውነቷ ሙቀት በ10 ሰዓታት ውስጥ 400 ግራም ያህል በረዶ አቀለጠ። እሱም የቀለጠውን በረዶ እንስሳዋ ከምታወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አመዛዝኖ፣ መተንፈስ ዝግ ያለ ቃጠሎ ነው ሲል ደመደመ። የግኝቱን ታላቅነት ማንም ሊያሳንስ አይችልም። ይሁንና ላቮዚየ የለካው ወደ ሰውነት የሚገባውንና ከሰውነት የሚወጣውን ነበር። ቃጠሎው የሚካሄደው ሳንባ ውስጥ እንደሆነ ገምቶ ነበር። ኦክስጅኑ ሥራ ላይ የሚውለው በየሕብረ ሕዋሱ ውስጥ መሆኑን፣ ሳንባና ደም አቅራቢዎች እንጂ ማቃጠያዎች አለመሆናቸውን ጀርመናዊው ኤድዋርድ ፕፍሉገር ያስረዳው በ1870ዎቹ ነው። ያኔም ቢሆን በሕዋሱ ውስጥ የሚሆነው ነገር አልታወቀም። ሙሉ እንስሳን በመለካት ሊደረስበት አይቻልም ነበርና፣ በብዛት የሚገኝ፣ ስኳር ተሰጥቶት ምን እንደሚያደርግ ወዲያው የሚታይ ቀላል ሕዋስ አስፈለገ። ያ ሕዋስ በየጠማቂው ቤት ነበረ።

እርሾ በአንድ አገር የተወሰነ ሀብት አይደለም። በጠላና በጠጃችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው እርሾ ቢራ ከሚያፈላውና ዳቦ ከሚያቦካው ጋር ዝርያው አንድ ነው። ባለሙያዋ ብቅሉንና ጌሾውን ጠንስሳ፣ ድፍድፉን ጋን ውስጥ ከታ አፉን ስትመርግ፣ አየር ያጣው እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ይህ ፍላት የሕያው ነገር ሥራ መሆኑን በ1837 ገደማ ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላቱርና ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፣ በማይክሮስኮፕ አይተው ተናገሩ። የዘመኑ የኬሚስትሪ ሹማምንት ሊቢግና ቩለር ግን በ1839 ስማቸውን ሳይገልጹ ባወጡት ጽሑፍ፣ እርሾን ስኳር ውጦ አልኮል የሚያወጣ ጥቃቅን እንስሳ አስመስለው ተሳለቁባቸው።

ክርክሩን ያንቀሳቀሰው የአንድ ነጋዴ ኪሳራ ነው። በ1856 በፈረንሳይ ሊል ከተማ ከቀይ ሥር ዘመዶች ከሆነው የስኳር ተክል አልኮል የሚያወጣ ባለ ፋብሪካ በርሜሎቹ እየኮመጠጡ ቢያስቸግሩት ወደ ሉዊ ፓስተር ሄደ። ፓስተር ከደህናው በርሜልና ከተበላሸው ናሙና ወስዶ መረመረ። በደህናው ውስጥ ድቡልቡል የእርሾ ሕዋሳት፣ በተበላሸው ውስጥ ደግሞ ከእርሾ በጣም ያነሱ ዘንግ መሳይ ፍጥረታት አገኘ። ከዚያ ተነስቶ በ1861 አንድ ትልቅ ነገር አስታወቀ፤ እርሾ አየር ሲያገኝ ስኳሩን በቁጠባ እየተጠቀመ ይባዛል፣ አየር ሲያጣ ግን ብዙ ስኳር ጨርሶ ጥቂት ብቻ ያድጋል። ምክንያቱን ዛሬ በቁጥር እናውቀዋለን። አንድ ግሉኮስ ያለ ኦክስጅን ሲፈታ የሕዋስ ጉልበት መያዣ ከሆነው ኤቲፒ 2 ብቻ ያስገኛል፤ በኦክስጅን ሲፈታ 30 ያህል ይሰጣል። ሳንባና ልብ ሌት ተቀን የሚደክሙት ይህ ልዩነት እንዳይታጣ ነው።

ፍላትን ሕያው ሕዋስ የማያስፈልገው የኬሚስትሪ ሂደት አድርጎ ያየው ሊቢግም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር የቢራ እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ በመጭመቂያ ጨምቆ፣ ሕያው ሕዋስ የሌለበት ጭማቂ አወጣ። እንዳይበላሽ ስኳር ቢጨመርበት ጭማቂው አረፋ እየደፈቀ ፈላ። ሥራውን የሚሠሩት በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች መሆናቸው ታወቀ፤ ሕዋሱ ያዘጋጃቸዋል፣ ተነጥለው ግን መሥራት ይችላሉ። አርተር ሃርደንና ዊልያም ያንግ የዚህኑ ጭማቂ ፍላት ፎስፌት እንደሚያፋጥነው አሳዩ።

እዚህ ላይ ሁለተኛ መቃወሚያ ይነሳል፤ እርሾ እርሾ ነው፣ ሰው ደግሞ ሰው፣ ምን ያገናኛቸዋል? መልሱን ኦቶ ማየርሆፍ በ1918 ሰጠ። እርሾ ለፍላት የሚያስፈልገውን ረዳት ንጥረ ነገር በእንስሳት ጡንቻ ውስጥም አገኘው። የሚሮጥ ሰው ጡንቻ ኦክስጅን ሲያንሰው ስኳሩን የሚሰባብርበት መንገድ ከእርሾው ጋር እስከ መጨረሻዎቹ እርከኖች ድረስ አንድ ነው፤ የእርሾው ወደ አልኮል፣ የጡንቻው ወደ ላክቲክ አሲድ ይዞራል። በ1937 ሃንስ ክሬብስ በእርግብ የደረት ጡንቻ ላይ ሠርቶ የኦክስጅኑን መንገድ ዑደት ሲያስቀምጥ፣ ከበርሜሉ የተጀመረው መንገድ ወደ እንስሳ አካል ደረሰ።

ጠማቂዎቹ የሚያደርጉትን እንጂ ምክንያቱን አላወቁም የሚል ሦስተኛ ወገን አለ። እውነት ነው፤ ሆኖም እርሾውን ለብዙ ሺህ ዓመታት ጠብቀው ያቆዩት፣ የደህናና የተበላሸ ፍላትን ልዩነት ለይተው የጠየቁት እነሱ ናቸው። በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ጠማቂ በ1875 ቤተ ሙከራ አቋቁሞ፣ በ1883 ኤሚል ሃንሰን ከአንዲት ሕዋስ የተራባ ንጹሕ እርሾ ያወጣውም በዚያው ነው። ሙያ ያልጠየቀውን ሳይንስ ቶሎ አይመልሰውም። ስለዚህ የሥነ ሕይወት መምህራን የሕዋስን ጉልበት ሲያስተምሩ ከእርሾና ከድፍድፍ ቢጀምሩ ታሪኩን በትክክል ያስተምራሉ፤ የእኛም ጠላና ጠጅ ጠማቂ እናቶች እውቀት አብሯቸው ሳያልፍ ተጠንቶ ይጻፍ።