ከአስኳል ወደ እትብት፦ የወላድ ዓሦች ጥናት ታሪክ

ዓሣ ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ የሚታሰበው ዕንቁላሉን በውሃ ውስጥ በትኖ የሚሄድ ፍጥረት ነው። ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትጠብቀው የጣና ሐይቅ ቆሮሶ እንኳ አስቀድማ ዕንቁላል ትጥላለች፤ አፏ መጠለያ እንጂ ማኅፀን አይደለም። ይሁን እንጂ ጽንሳቸውን በሆዳቸው አሳድገው የሚዋኝ ልጅ የሚወልዱ ዓሦችም አሉ። ከሻርኮችና ከወገኖቻቸው መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ዝርያዎች ወላዶች ናቸው፤ አጥንታም ከሆኑት ዓሦች ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች በዚሁ መንገድ ይራባሉ። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የተደረገው ጥረት ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የቆየ ነው።

ነገሩን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሊቅ አርስቶትል ነው። ለስላሳ ሻርክ የሚባለውን ዓሣ ጽንስ መርምሮ፣ ጽንሱ በእትብት ከእናቱ ማኅፀን ጋር የተያያዘ መሆኑንና የዕንቁላሉ ምግብ እያለቀ ሲሄድ እንደ አራት እግር እንስሳ ልጅ ከእናቱ የሚመገብ መምሰሉን ገለጸ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ሊቃውንት ግን ነገሩን አላመኑበትም። በ17ኛው መቶ ዘመን ዴንማርካዊው ኒልስ ስቴንሰን ተመሳሳይ ነገር ተመልክቶ ቢጽፍም ጥርጣሬው ፈጽሞ አልተወገደም።

ክርክሩን የፈታው ጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ ዮሐንስ ሚውለር ነው። ሚውለር እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው ጥናት፣ ለስላሳ ሻርክ ይባል የነበረው ዓሣ አንድ ሳይሆን በመልክ እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት ዝርያዎች መሆኑን አስረዳ። ሁለቱም ይወልዳሉ፤ ነገር ግን የአንደኛው ጽንስ በእንግዴ ልጅና በእትብት ከእናቱ ጋር ሲያያዝ፣ የሌላው እንዲህ ያለ ማያያዣ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛውን ዝርያ ቀዶ የመረመረ ሰው እትብት ባያገኝ አያስደንቅም። ዐይኑ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ዓሣውን በመለየት ነው።

የሚውለር ሥራ የቆየውን ጥርጣሬ ቢያስወግድም ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ይኸውም፣ ይህን ያህል የሚቀራረቡ ዝርያዎች በእንዲህ ያለ ታላቅ ነገር እንዴት ሊለያዩ ቻሉ የሚለው ነው። በዚያ ዘመን መልስ መስጠት አይቻልም ነበር፤ የዘር ውርስን ሕግ የያዘው የሜንዴል ጽሑፍ እንኳ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር ምቹ ሆነው የተገኙት በሜክሲኮና በማዕከላዊ አሜሪካ ወንዞች የሚኖሩት ፖሲሊዮፕሲስ የተባሉት ትናንሽ ዓሦች ናቸው። እነዚህ ዓሦች ማኅፀን ስለሌላቸው ጽንሱ የሚያድገው እዚያው በዕንቁላል ማምረቻው አካል ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ለጽንሱ የሚያስፈልገውን ምግብ ሁሉ ከመፀነሱ በፊት በአስኳል ሲያከማቹ፣ የቅርብ ዘመዶቻቸው ግን እንግዴ ልጅ በመሰለ አካል አማካይነት በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ይመግቡታል። ዴቪድ ሬዝኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳስረዱት፣ ይህ አካል በዚህ አንድ ወገን ውስጥ ብቻ ሦስት ጊዜ ራሱን ችሎ ተገኝቷል፤ በአንደኛው ሐረግ ለውጡ የፈጀው ጊዜ 750,000 ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው ተብሎ ይገመታል።

እንዲህ ያለ ውስብስብ አካል ደጋግሞ የሚገኝ ከሆነ፣ ተፈጥሮ በየጊዜው አዲስ ጂን ትፈጥራለች ለማለት ያስቸግራል። ነባር ጂኖች ለአዲስ ሥራ መዋላቸውን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ በአስኳል ፕሮቲን ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ቪቴሎጄኒን የተባለውን ይህን ፕሮቲን ዕንቁላል ጣይ እናት በጉበቷ ትሠራዋለች፤ በደም ተጉዞም ዕንቁላሉ ውስጥ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እንደ ሰው ያሉት አጥቢዎች የአስኳል ጂኖቻቸውን ከጊዜ ወደ ጊዜ አጥተው የቀራቸው ፍርስራሽ ብቻ ነው። በሜክሲኮ ከፍተኛ ስፍራ የሚገኘው ዜኖቶካ የተባለው ወላድ ዓሣ ግን ሌላ መንገድ ተከትሏል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳዩት፣ የዜኖቶካ እናት ያንኑ ፕሮቲን በእርግዝናዋ ጊዜ ትሠራለች፤ ጽንሱም ከአንጀቱ ጫፍ ወጥተው እንደ ጥብጣብ በተንጠለጠሉ አካላት አማካይነት ይቀበለዋል። ቀድሞ ለዕንቁላል የተሰነቀው ስንቅ ለተፀነሰው ልጅ ዕለታዊ ቀለብ ሆነ ማለት ነው።

የምግቡ አሰጣጥ መለወጥ በእናትና በልጅ መካከል ያለውን ግንኙነትም ለውጦታል። አስኳሉን አስቀድማ የምትሰፍር እናት የድርሻውን መጠን የምትወስነው ብቻዋን ነው። በእንግዴ ልጅ የሚመገብ ጽንስ ግን ተጨማሪ ሊጠይቅ ይችላል፤ እናቲቱ ደግሞ ለሌሎቹ ልጆቿና ለራሷ ሕይወት መቆጠብ አለባት። ሮበርት ትሪቨርስ እ.ኤ.አ. በ1974 በወላጅና በልጅ መካከል የጥቅም ግጭት መኖሩን በንድፈ ሐሳብ አስረድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናትም፣ የጽንስን ዕድገት የሚያፋጥነው ኢንሱሊን መሰል ፕሮቲን ቁጥር 2 ጂን እንግዴ ልጅ ባላቸው ዓሦች ዘንድ በተፈጥሮ ምርጫ ግፊት በፍጥነት ሲለወጥ መቆየቱ ታውቋል። ሆኖም በአጥቢዎች ዘንድ ከአባት የተወረሰው ቅጂ ብቻ ሲሠራ፣ በእነዚህ ዓሦች ከአባትም ከእናትም የመጡት ሁለቱም ቅጂዎች እንደሚሠሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ተረጋግጧል። ስለዚህ ግጭቱ ተመሳሳይ ቢሆንም መፍትሔው አንድ ዓይነት አይደለም።

የመውለድ ጠባይ ራሱ እጅግ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከምዕራብ አውስትራሊያ 380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የዓሣ ቅሪት ከነጽንሱና ከነእትብቱ መገኘቱ ይፋ ሆኖ፣ «እናት ዓሣ» የሚል ትርጉም ያለው ማቴርፒስሲስ የተባለ ስም ተሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ የዓሣ ወገኖች በየፊናቸው ወደ መውለድ ተሸጋግረዋል። ከዚህም ሁሉ ለመረዳት የሚቻለው ወላድ ዓሣ ከተፈጥሮ ሥርዓት የወጣ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው። የአርስቶትል ሻርክ ሲታይ ከጎረቤቱ የማይለይ ዓሣ ነበር፤ ልዩነቱ በውስጡ ነበር። ዕንቁላል ጣዩና ወላዱም በአብዛኛው የያዙት አንድ ዓይነት ቅርስ ነው፤ የሚለዩት ቅርሱን በሚያውሉበት ጊዜና ቦታ ነው።