የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ውል እና የቅኝ ገዥዎች ቁጥጥር

የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ውል ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1894) ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሀል አገር የሚዘልቅ የባቡር ሐዲድ ለመሥራትና ለማስተዳደር የሚያስችል ነበር። ውሉን የሰጠው ነፃ የሆነ ንጉሠ ነገሥት ቢሆንም፣ በውሉ መሠረት የተቋቋመው ኩባንያ ስምንት ዓመት ሳይሞላው በፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ቁጥጥር ሥር ገባ። ይህ ጽሑፍ ስለ ውሉ፣ ስለ ቁጥጥሩ እና በዚሁ ምክንያት በምኒልክና በሦስት የአውሮፓ መንግሥታት መካከል ስለተነሣው ክርክር ያትታል።

ከባቡሩ በፊት የነበረው መንገድ

ከባቡሩ በፊት ሸዋን ከባሕር ጋር ያገናኝ የነበረው ዋነኛው የንግድ መንገድ በአንኮበር በኩል ይወርድ ነበር። አንኮበርና ደብረ ሲና የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ቆላ ቁልቁል በሚወርድበት በአንድ ተዳፋት ላይ ይገኛሉ። ከአንኮበር ግርጌ ያለው የአልዩ አምባ ገበያ የደጋው አህያና በቅሎ ከቆላው ግመል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲሆን፣ ጨው ከአፋር ይመጣበት፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያም ጭምር ወደ ታጁራና ወደ ዘይላ ይሄድበት ነበር።

የሸዋ ገዥዎች ከውጭ አገር መንግሥታት ጋር መዋዋልንም ያኔ ለምደውታል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሀሪስ ጋር፣ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለዋል። ሁለቱም ውሎች በወረቀት ላይ ከሰፈሩት ብዙም ያለፈ ነገር አላመጡም።

አልፍሬድ ኢልግ ወደ ሸዋ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከባሕር እስከ ሸዋ የሚደረግ ጉዞ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመረዳት የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ጉዞ ማየት ይበቃል። ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሣና በአንኮበር አልፎ እንጦጦ ሲደርስ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበት ነበር። ባቡሩ ይህንን ጉዞ ወደ ቀናት ሊያሳጥረው ነው። ምኒልክም የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

የ1886ቱ ውል

ውሉ የባቡሩን መንገድ በሦስት ክፍል ከፍሎታል፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነበር። ኩባንያው ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር የመዘርጋት ግዴታ ነበረበት። ዓመታዊው ትርፍ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ ካለፈ፣ ከዚያ በላይ ካለው ግማሹ የምኒልክ መንግሥት ድርሻ ይሆናል። በምላሹ ከባሕር ጠረፍ ወደ ኢትዮጵያ ሌላ ተወዳዳሪ የባቡር መስመር እንዳይፈቀድ ምኒልክ ቃል ገብተዋል።

ውሉን ለሚያነብ ሰው ምኒልክ ሞኝ አልነበሩም። ፈቃዱን የሰጡት ለመንግሥት ሳይሆን ለግለሰብ ነው፤ ያውም ባሕርም ቅኝ ግዛትም ለሌላት ለስዊዘርላንድ ተወላጅ። ሆኖም ውሉ ሁለት ክፍት ቦታ ነበረው። አንደኛ፣ ሐዲዱ የሚነሣበት ጅቡቲ የፈረንሳይ ግዛት ስለነበረ ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥትም የተለየ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ሁለተኛ፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ገንዘብ በኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም። ኢልግና ሽርካው ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሸፍኔ ኩባንያውን በፓሪስ አቋቋሙት፤ አክሲዮኑም በዚያው ተሸጠ። በዚህ መንገድ አንድ ኩባንያ ሁለት ጌታ ኖረው። ሥልጣኑን ያገኘው ከምኒልክ ሲሆን፣ የሚተዳደረው ግን በፈረንሳይ ሕግ ነበር።

የገንዘብ ችግርና የ1902 ስምምነት

የሐዲዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ውሃ በሌለበት በረሃ የሚሠራው ሥራ ከታሰበው በላይ ገንዘብ በላ። የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ይህችም ድሬዳዋ ናት። ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ሲገባ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነበር።

ነገር ግን ኩባንያው ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ገንዘቡ አልቆ ነበር። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮኑን መግዛት ጀመሩ። ፓሪስ ውስጥ ትልቅ ጫጫታ ተነሣ፤ የፈረንሳይ ወደብ የቆመበት ባቡር በእንግሊዞች እጅ ሊገባ ነው ተባለ። የፈረንሳይ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ጥር 29 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1902) ከኩባንያው ጋር ስምምነት ተፈራረመ። በስምምነቱ መሠረት መንግሥት ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ይሰጣል፤ ሲደመር 25 ሚሊዮን ፍራንክ መሆኑ ነው። በለውጡ ኩባንያው በፈረንሳውያን አስተዳደር ሥር ይቆያል፣ ዋና ዋና ውሳኔዎቹም የፈረንሳይን መንግሥት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስምምነቱ በጅቡቲ አስተዳዳሪ በቦኑር ስም ይታወቃል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስምምነቱ ሲፈረም የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት ንጉሠ ነገሥት አልተጠየቁም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ድንበር ካለፈ በኋላ የሚሄደው በኢትዮጵያ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይ በራሷ ሕግ መሠረት አንድ ኩባንያን ስትቆጣጠር፣ በተዘዋዋሪ በሌላ ነፃ አገር ውስጥ ያለ ንብረትን መቆጣጠሯ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሀሪንግተን ነገሩን ለምኒልክ በደንብ አስረዳቸው። የሀሪንግተን ፍላጎት የኢትዮጵያን ልዕልና ማስጠበቅ ብቻ ነበር ማለት የዋህነት ነው፤ የአገሩም ጥቅም ነበረበት። ያም ሆኖ ያለው ነገር እውነት ነበር።

ምኒልክ ሐዲዱ ከድሬዳዋ አልፎ እንዳይሄድ ከለከሉ። ሥራው በዚያው ለብዙ ዓመታት ቆመ። ኩባንያው ድሬዳዋ ላይ ታግዶ ሳለ የዕዳው ወለድ መቆጠሩን አላቆመም፤ በመጨረሻም ከስሮ ፈረሰ።

ለንጽጽር ያህል፣ በዚያው ዘመን በህንድ ውስጥ የነበሩ መሳፍንት በግዛታቸው ሐዲድ ሲዘረጋ፣ በሐዲዱ መሬት ላይ ያለውን የዳኝነት ሥልጣን ለእንግሊዝ መንግሥት እንዲያስረክቡ ይደረግ ነበር። ባቡሩ በመስፍኑ አገር ቢሄድም በሐዲዱ ላይ የሚፈርደው እንግሊዛዊ ነበር ማለት ነው። ምኒልክ ሐዲዱን ማስቆም የቻሉት እንደነዚያ መሳፍንት የበላይ ገዥ ስላልነበራቸው ነው። ከአድዋ ድል በኋላ በኃይል ሊያስገድዳቸው የሚሞክርም አልተገኘም።

የሦስቱ መንግሥታት ስምምነት

ሀሪንግተን ባቡሩ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በኢጣሊያ የጋራ አስተዳደር እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ ፈረንሳይ ግን አልተቀበለችም። ክርክሩ ሲጓተት ምኒልክ በ1905 መልእክተኞቹን ሰብስበው፣ ካልተስማማችሁ ባቡሩን ራሴ እሠራዋለሁ ብለው አስጠነቀቁ።

ሦስቱ መንግሥታት በመጨረሻ ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1906) ለንደን ላይ ተፈራረሙ። እስከ አዲስ አበባ ያለውን ባቡር ፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን እንግሊዝ እንዲሠሩ፣ ኢጣሊያ ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚያልፍ ሐዲድ እንድታገናኝ ተስማሙ። በፈረንሳይ ኩባንያ ቦርድ ውስጥም አንድ እንግሊዛዊ፣ አንድ ኢጣሊያዊና አንድ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ እንዲገቡ ተወሰነ። የአገሩ ባለቤት በራሱ ባቡር ላይ የነበረው ወንበር ከሁለቱ ጎረቤት ቅኝ ገዥዎች ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ምኒልክ ስምምነቱ ሲነገራቸው፣ ይህ ውል የመንግሥታቸውን የበላይነት በምንም መልኩ እንደማይቀንስ በማስታወቅ መልስ ሰጡ።

ሁለተኛው ውልና አዲስ አበባ መድረስ

ጥር 21 ቀን 1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 30 ቀን 1908) ምኒልክ እስከ አዲስ አበባ ለሚሠራው ሐዲድ አዲስ ውል ለሐኪማቸው ለዶክተር ጆዜፍ ቪታሊየን ሰጡ። ቪታሊየን የጓድሉፕ ተወላጅ ነበር። በዚያው ዓመት የኢትዮ-ፈረንሳይ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሥራውም ቀጠለ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ስላረፉ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አላዩም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

የቁጥጥሩ ውጤት በጦርነት ጊዜ

የባቡሩ የቁጥጥር ጉዳይ የሕግ ክርክር ብቻ እንዳልነበረ በግልጽ የታየው በ1935 ነው። በዚያ ዓመት ጃንዩዋሪ ወር ፈረንሳይ ከሙሶሊኒ ጋር በሮም ስትስማማ 2,500 የባቡር ኩባንያውን አክሲዮን ለኢጣሊያ ለቀቀች። ወረራው ሲቃረብም ለኢትዮጵያ የሚመጣ የጦር መሣሪያ በጅቡቲ በኩል እንዳያልፍ እክል ፈጠረች። ኢትዮጵያ ሌላ የባሕር በር የሚያገናኛት ሐዲድ አልነበራትም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የወጡትም በዚሁ ባቡር ነው።

የሚገርመው፣ ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በፈረንሳይ ወደብ ላይ ጥገኛ መሆንን እነሱም አልወደዱትም። ከኤርትራ ወደቦች በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ የመኪና መንገድ መሥራት ጀመሩ። ይህ መንገድ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ገደል የሚያልፈው በጣርማ በር ዋሻ ነው። ዋሻው ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ቦታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ባቡሩ ወደ ደቡብ ወስዶት የነበረው ንግድ በከፊል ወደ ሰሜን ሸዋ የተመለሰው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ደብረ ሲናም የመንገደኛ ማረፊያ ሆነች። የድሮው የአንኮበር መንገድ ግን ከባቡሩ በኋላ አላገገመም።

ከዚያ ወዲህ

እ.ኤ.አ. በ1959 በተደረገ ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ የኢትዮጵያ ድርሻም ግማሽ ሆነ። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ ድርጅቱ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በቻይና ብድርና በቻይና ተቋራጮች የተሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያስተዳደሩትም የቻይና ድርጅቶች ናቸው።

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው ሌላው መስመር በቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ የተሠራ ነው። ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር በሰሜን ሸዋ በኩል ሲያልፍ የሚከተለው ደጋውን ሳይሆን ከደብረ ሲና ተዳፋት በታች ያለውን ቆላ ነው።