የስሜን ተራሮች፦ ውበቱ እንዲኖር ማን ምን ከፈለ?

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደባርቅ ከደረሳችሁ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ላይ ናችሁ። ታዲያ ከዚያ በኋላ የምታዩት ሁሉ ያለ ጥረት የቆየ እንዳይመስላችሁ።

ገደሎቹ የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ በወጣ ቅልጥ አለት ነው። አለቱ ንብርብር ሆኖ ረጋ፤ ከዚያ ውሃና በረዶ ሸረሸሩት።

መጀመሪያ ሳንቃ በርን ታገኛላችሁ። እዚህ ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ታያላችሁ። ቀጥሎ የጅንባር ፏፏቴ አለ፤ ውሃው ወደ ጥልቅ ገደል ይወረወራል። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ስትወጡ ደግሞ ከፍታው 3,900 ሜትር አልፏል፤ ዙሪያው ሁሉ ገደል ነው። ዋልያን ማየት ከፈለጋችሁ ጨነቅ ድረስ ዝለቁ። ቀይ ቀበሮም እድለኛ ከሆናችሁ ብቅ ይላል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፓርኩ በ1969 ሲከለል ዋናው ዓላማ ዋልያን ማትረፍ ነበር፤ ዋልያ ከስሜን ውጪ በዱር የትም የለምና። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር አንዱ ሆነ። በ1996 ግን «በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለ። ለምን? ዋልያ ቀነሰ፣ እርሻና ግጦሽ ሰፋ፣ ፓርኩን የሚያቋርጥ የመኪና መንገድም ተሠራ።

መፍትሔው ቀላል አልነበረም። ወደ እሜት ጎጎ በሚወስደው አምባ ላይ ግጭ የምትባል መንደር ነበረች። ሰዎቿ ገብስ ያርሱ፣ ከብት ያረቡ ነበር። በ2016 ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የፓርኩ ወሰን ሰፋ፣ ተለዋጭ መንገድ ተሠራ፣ ግጦሹም ቀነሰ። በ2017 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ደስ ይላል አይደል? ግን አስቡት፦ ዕድሜ ልኩን ያረሰ ገበሬ በአንድ ጊዜ ከተሜ ሁን ሲባል ካሳው ስንት ዓመት ያኖረዋል? ማረሻውንስ ምን ይተካዋል? ከቱሪስት የሚገኘው ገቢ ለእነዚህ ቤተሰቦች ካልደረሰ ጥበቃው ዘላቂ አይሆንም።

እሜት ጎጎ ላይ ስትቆሙ ገደሉን ካያችሁ በኋላ ወደ ግጭ አምባም ዘወር በሉ። ዋልያ ቦታ ያገኘው ሰዎች ቦታ ስለለቀቁለት ጭምር ነው።