ለ22 አጥቢያ

የመጽሔቱ ኮሚቴ «አንተ የታሪክ ሰው ነህ፤ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲለኝ ስለ ስድስት ኪሎ ትዝታ እንደሚጠብቅ አውቄያለሁ። ስለዚያ ከእኔ የተሻሉ ጸሐፊዎች አሉን። እኔ ላለፉት አሥር ዓመታት ቅዳሜና እሑዴን የበላው የልጆች እግር ኳስ ነውና የእሱን ታሪክ ልጻፍ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አገር ቤት ላላችሁ መምህራን አንድ ነገር ላስቀድም። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነው በማትሪክ ውጤት ነው፤ ኳስ መቻል ለዶርም ግጥሚያ እንጂ ለመግቢያ አይጠቅምም ነበር። አሜሪካ ግን የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሜዳ ለሜዳ ዞሮ ልጅ ይመለምላል። የተመለመለ ልጅ የትምህርት ክፍያው ሊሸፈንለት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በከፊል። ለረጅም ጊዜ በአንደኛው ዲቪዚዮን አንድ የወንዶች ቡድን የነበረው ጣሪያ 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። ያቺን ለሃያ ምናምን ተጫዋች ማቃመስ ነው እንግዲህ።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ክለቦች ልጆችን በዕድሜ ይመድባሉ። እስከ 2016 ድረስ መስመሩ ኦገስት 1 ላይ ነበር፤ ከዚያ ቀን እስከ ቀጣዩ ጁላይ 31 የተወለዱ አንድ ቡድን ይሆናሉ። ትምህርት ቤትም በዚያው ሰሞን ስለሚከፈት የክፍል ጓደኞች አብረው ይጫወቱ ነበር። በ2015 የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን መስመሩ ወደ ጃንዋሪ 1 እንዲዛወር ወሰነ፤ እስከ 2017ም ሁሉም እንዲፈጽም አዘዘ። አንደኛው ምክንያት ከዓለም ጋር መስተካከል ነው፤ ፊፋ የወጣቶች ውድድሮቹን የሚመድበው በትውልድ ዓመት ነው። ሁለተኛው በአንድ ቡድን ውስጥ ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነ በግልጽ እንዲታይ ነው።

ይሄ ሁለተኛው የራሱ ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባለቤቱ ጋር የወጣቶች የበረዶ ሆኪ ሊያይ ሄደ። የጨዋታውን ፕሮግራም ስታገላብጥ የተጫዋቾቹ ልደት ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ መከማቸቱን ያየችው ባለቤቱ ፓውላ ናት። የካናዳ ሆኪ መስመር ጃንዋሪ 1 ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ የአሥር ወር ብልጫ ቀላል አይደለም። ረዘም ያለው ይመረጣል፤ የተመረጠው ጥሩ አሠልጣኝ ያገኛል፤ ጥሩ የሠለጠነው መልሶ ይመረጣል። መስመሩን ብታዛውሩት የሚጠቀመው ወር ይቀየራል እንጂ ነገሩ አይጠፋም። ይህን ጽሑፍ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። በ2016 በክለባችን የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ በፈቃደኝነት ተቀምጬ፣ አዲሱን መስመር ለሐበሻ ወላጆች እየደገፍኩ ያስረዳሁት እኔው ነበርኩ።

ጠረጴዛው ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። አንዲት እናት የልጇን የልደት ወረቀት ይዛ መጣች፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ይላል። «ሰባት ነው ስምንት የሚደመረው?» አለችኝ። በዚያ ዓመት እስከ ታኅሣሥ 21 ሰባት፣ ከ22 ጀምሮ ስምንት ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 የዋለው ታኅሣሥ 22 ላይ ነዋ! «እንግዲህ ምጡ የያዘኝ በማርያም ዕለት ነው፤ ሌሊት ለ22 አጥቢያ ወለድኩ» አለች። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት ይሁን በኋላ እሷም አታውቅ፣ ማን ሰዓት አየ። ወረቀቱን አምነን 2008 ብለን መዘገብነው። ልጁ ከቡድኑ ሁሉ ታላቅ ሆነ። (የልደት ቀናቸው ለማይታወቅ ስደተኞችም ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ጃንዋሪ 1 ነው። የጽሕፈት ቤት ልማድ ስንቱን ታላቅ እንዳደረገ አስቡት።)

የእኔም ልጅ የሚሊኒየሙ ልጅ ነው፤ ኅዳር 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2007 ማለት ነው። ሜሪላንድ ስንገባ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። የትምህርት ቤቱ መስመር ሴፕቴምበር 1 ስለሆነ ከዚያች እናት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ገቡ፤ አንድ ቡድንም ይጫወቱ ነበር። በ2016 ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። የእኔው ከ2007 ልጆች ጋር ተመደበ፤ አብዛኞቹ በክፍል አንድ ዓመት ይቀድሙታል። ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው ልጅ በአንድ ሌሊት ታናሽ ሆነ። «አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ሲለኝ ስለ ፊፋ አስረዳሁት።

በ2021 መኸር የቡድን ጓደኞቹ ዘጠነኛ ክፍል ገብተው ለየትምህርት ቤታቸው ሊጫወቱ ሄዱ። እሱ ገና ስምንተኛ ነበርና ለወራት ከአጥር ጋር ተጫወተ። እንዲህ ያሉትን ልጆች እዚህ ወጥመድ ውስጥ የቀሩ ይሏቸዋል።

የባሰው ምልመላው ላይ መጣ። የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የሚጠይቀው «መቼ ተወለድክ?» ሳይሆን «መቼ ትመረቃለህ?» ብሎ ነው። የኮሌጅ ስፖርቶችን የሚመራው ኤንሲኤኤ ደግሞ የአንደኛው ዲቪዚዮን አሠልጣኝ ልጁ አሥረኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ካለው ጁን 15 በፊት እንዳያነጋግረው ይከለክላል። ጁን 15 ቀን 2023 የጓደኞቹ ስልክ ይጮህ ጀመር፤ የእሱ ዝም። ሜዳ ዳር የቆሙት አሠልጣኞች የ2025 ተመራቂ ፈልገው የመጡ ናቸው፤ እሱ የ2026 ነው፣ ያውም ተቀያሪ። እውነት ለመናገር ከትልልቆቹ ጋር መጫወቱ ቀድሞ እንዲታዩ ያደረጋቸው ልጆችም አሉ። ቁመታቸው ቀድሞ የመጣላቸው ናቸው። በ2025 ጓደኞቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ቡድኑ ተበተነ። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት የስኮላርሺፕ ጣሪያውን አነሳና፣ ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተጫዋቾችን ቁጥር 28 ላይ ገደበ። በሩ ጠበበ።

ያ የታኅሣሥ 22 ልጅ ስኮላርሺፕ አግኝቷል። ግሩም ተጫዋች ነው፤ ቀኑ ብቻ ነው አልልም። የእኔው በስፖርት ስኮላርሺፕ ወደማይሰጥ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ኮሌጅ ሄዶ ሊሞክር ነው። ክፍያው በእኔና በእናቱ ትከሻ ላይ ነው።

በ2024 መጨረሻ ፌዴሬሽኑ ምርጫውን ለአባል ድርጅቶቹ ተወ። ትልልቆቹም ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ ኦገስት 1 እንመለሳለን አሉ። ልጄ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው። እኔ ግን ጠረጴዛውን አልለቀቅሁም። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት እናት መጥታ «አሁንስ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሊሆንልኝ ነው አይደል?» አለችኝ። መቼ እንደወለደችው ጠየቅኋት።

«በፍልሰታ።»

ፍልሰታ ኦገስት ውስጥ ነው። ከአዲሱ የኳስ መስመር በኋላ፣ ከሜሪላንድ የትምህርት ቤት መስመር በፊት። ከእሱ በታች ካለው ክፍል ልጆች ጋር ሊጫወት ነው። ወንበር ሳብኩላትና የቀን መቁጠሪያውን ዘረጋሁ።