እርጥብ መስታወትና የመቅደላ ዘመቻ ፎቶግራፎች

እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ ያደረገው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ የፎቶግራፍን ሙያ ለ30 ዓመት ያህል ገዝቷል። አርቸር የፈጠራ መብት ሳይጠይቅበት ለሁሉም ስለተወው በፍጥነት ተስፋፋ፤ እሱ ግን በ1857 በድህነት ሞተ።

ኮሎዲዮን በናይትሪክ አሲድ የተዘጋጀ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ሟሙቶ የሚገኝ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ባለሙያው አዮዳይድ ይጨምርበትና በጸዳ መስታወት ላይ ያፈስሰዋል፤ መስታወቱንም ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ እኩል ያለብሰዋል። ከዚያ በጨለማ ውስጥ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ይነክረዋል። መስታወቱ ብርሃን መቀበል የሚችለው ያኔ ነው፣ ያውም እስኪደርቅ ድረስ ብቻ። ሽፋኑ ከደረቀ ማጠቢያው ፈሳሽ ዘልቆ አይገባም። ስለዚህ መቀባቱ፣ ማንሳቱና ማጠቡ በ10 ደቂቃ ገደማ ማለቅ ነበረበት፤ ሙቀት ባለበት አገር ደግሞ ኤተሩ ቶሎ ስለሚተን ጊዜው ይበልጥ ያጥራል። ከቤት ርቆ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ድንኳኑን፣ መስታወቱንና ኬሚካሉን ሁሉ ይዞ መጓዝ ግድ ይሆንበታል።

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነስቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። ዋና ተግባራቸው ለመኮንኖች ካርታና ንድፍ ማባዛት ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን ሰፈሩን፣ ተራሮቹን፣ አምባውንና ከዐፄ ቴዎድሮስ እስር የተፈቱትን አውሮፓውያን አንስተዋል። እነዚህን ፎቶግራፎች የሚመረምር ሰው የዘዴውን ገደብ ማወቅ አለበት። መስታወቱ ምስሉን ለመያዝ ሰከንዶች ይወስድበት ስለነበር የሚንቀሳቀስ ነገር ይደበዝዛል። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ የተደረገውን ውጊያ እንዲህ ባለ ዘዴ ማንሳት አይቻልም ነበር። ሰማዩም ባዶ ነጭ ሆኖ የሚታየው ኮሎዲዮን ከሁሉ አብልጦ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚቀበል እንጂ ደመና ስላልነበረ አይደለም። ስለዚህ የዘመቻው ጸጥታና ሥርዓት የሚመስለው ነገር በከፊል ዘዴው የፈጠረው ነው፤ ሞቱና ጩኸቱ ከመስታወቱ ውጭ ቀርቷል።

ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን የሠዉት የዐፄ ቴዎድሮስ ገጽ ከጦሩ ጋር ሄዶ በአስከሬናቸው ፊት በተገኘው በሪቻርድ ሆልምስ እጅ ተሥሏል። የ7 ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው ዓመት ክረምት ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ ዋይት ደሴት ላይ፣ በፎቶግራፍ አንሺዋ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀምጧል። ካሜሮን የምትሠራው በዚሁ በእርጥብ መስታወት ነበር፤ ለአንድ ምስልም ረጅም ጊዜ ትወስድ ስለነበር፣ አባቱን በሞት ያጣው ልጅ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ ኮሎዲዮንን በጄላቲን የሚተካ ደረቅ መስታወት አስተዋወቀ። በ1880ዎቹ ደረቁ መስታወት ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ በየሱቁ ሲሸጥ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ድንኳኑን መሸከሙን ተወ።